ወሬው ባለቤት አለው፦ ሐሜት ሲገጥመን ምን እናድርግ?

አንዲት እህት ከጸሎት በኋላ ጠብቃ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትዳሯ ውስጥ ስለገባው ችግር ነገረችኝ። በጸሎት እንዳስባት ለመነችኝ። እኔም አሰብኳት። ግን ሁለት ቀን ሳይሞላ ለሁለት ጓደኞቼ አወራሁት። «ለጸሎት ነው፤ በእናንተ ይቅር» ብዬ።

በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ደጅ ላይ አንዲት ሴት የእህታችንን ትከሻ ያዝ አድርጋ «አይዞሽ፣ ስለ ባልሽ እየጸለይን ነው» አለቻት። ሴትየዋን እኔ በስም እንኳ አላውቃትም። እህታችን አልመለሰችም። የያዘችውን መጽሐፍ ቅዱስ ደረቷ ላይ አጥብቃ በሰው መሀል እኔን ፈለገች። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከዚያ ወጥታ ሄደች።

ያወራሁት ነገር አንድም ውሸት አልነበረበትም። ክፉም አላሰብኩም። ብዙ ጊዜ ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ነገሩ የእሷ ነበር፤ እኔ የራሴ አስመስዬ ሰጠሁት። ይህን የምጽፈው እሷ አንብባው፣ ፈቅዳልኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

1. መጀመሪያ ሐሜት የቱ እንደሆነ ለዩ

ብዙዎቻችን «ውሸት ከሆነ ሐሜት ነው፤ እውነት ከሆነ ግን ምን አለበት?» እንላለን። የንጉሥ ሳኦል አገልጋይ የነበረውን የዶይቅን ታሪክ አንብቡ። 1ኛ ሳሙኤል 21 እና 22 ላይ ነው። ዳዊት ከሳኦል ሲሸሽ የኖብ ካህን እንጀራና ሰይፍ ሰጠው። ዶይቅ በቦታው ነበርና አየ። በኋላም ያየውን ለሳኦል ተናገረ። የፈጠረው ነገር የለም። ውጤቱ ግን በአንድ ቀን የ85 ካህናት ሞት ሆነ። እውነት መሆኑ ብቻውን ወሬን ንጹሕ አያደርገውም።

ዘሌዋውያን 19፥16 በሕዝብ መካከል እየዞሩ ወሬ ማመላለስን ይከለክላል። እዚያ ላይ የገባው የዕብራይስጥ ቃል ሸቀጥ ተሸክሞ ከሚዞር ነጋዴ ስም ጋር ሥሩ አንድ ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። የሰውን ስም ተሸክሞ ከበር በር መዞር፣ እየዘረጉ ማሳየት፣ በምላሹ ትንሽ ተሰሚነት ማግኘት።

አንድ ነገር ለመናገር አፋችሁን ስትከፍቱ ራሳችሁን ጠይቁ። ስሙ የተነሳው ሰው አሁን በሩን ከፍቶ ቢገባ ንግግሬን እቀጥላለሁ ወይስ አቋርጣለሁ? የምነግረው ሰው ነገሩን የማስተካከል አቅም ወይም ኃላፊነት አለው? ደግሞስ «ይህን ያልኩት እኔ ነኝ» ብዬ በስሜ ልቆምበት እችላለሁ? የቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሲከፋፈሉ ወሬው ጳውሎስ ጋ ደረሰ። እሱ ግን «ሰው እንዲህ ይላል» አላላቸውም። የቀሎዔ ቤተ ሰዎች እንደነገሩት በግልጽ ጻፈ (1ኛ ቆሮንቶስ 1፥11)። ነጋሪዎቹ የታወቁ ናቸው፣ የተነገረውም ሊያርም የሚችል ሰው ነው። ይህ ሐሜት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ልጅ ሲበደል፣ ሰው ሲደበደብ፣ የማኅበር ገንዘብ ሲጠፋ፣ አገልጋይ በሥልጣኑ ተጠቅሞ ሰው ሲያጠቃ ዝም ማለት ምሥጢር መጠበቅ አይደለም። ያው ዘሌዋውያን 19፥16 ሐሜትን በከለከለበት በዚያው ቁጥር ስለ ባልንጀራ ደም ይናገራል። ብዙዎች የሚረዱትም «ወገንህ ሲጠቃ ቆመህ አትይ» ብለው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለሚመለከተው አካል፣ ለሕግም ጭምር፣ ፈጥናችሁ ተናገሩ። የተበደለን ሰው «አትማ» እያሉ አፉን ማዘጋት ራሱን የቻለ በደል ነው። በዚህ ብዙ ሰው ተጎድቷል።

2. ወሬው ወደ ጆሯችሁ ሲመጣ

ከሁሉም በላይ የምንፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሐሜት የሚጀምረው ከምላስ ቢመስልም የሚኖረው ግን በጆሮ ነው። ምሳሌ 26፥20 እንጨት ሲያልቅ እሳቱ እንደሚጠፋ፣ ጆሮ ጠቢ ከሌለም ጠብ ጸጥ እንደሚል ይናገራል። እንጨቱን የምናቀብለው እኛ ነን። «ኧረ?» ስንል አንድ እንጨት ጨመርን። «ውይ፣ እውነትህን ነው?» ስንል ሌላ። ዝም ብሎ ራስ መነቅነቅም ያው ነው።

ምልክቶቹን ታውቋቸዋላችሁ። «ሰማሽ ወይ?» «ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ።» «እኔ ነገርኩህ እንዳትል።» «ማማት አይሁንብኝና…» ይቺ የመጨረሻዋ ስትመጣ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሜት ነው። ያን ጊዜ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ወሳኝ ናት። ታሪኩ ከተጀመረ በኋላ ማቋረጥ ከባድ ነው፤ መጨረሻውን ለማወቅ ልባችን ይንጠለጠላል። የጆሮ ጠቢ ቃል እንደ ጣፋጭ መብል ወደ ውስጥ ይወርዳል የሚለው ቃል በምሳሌ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ 18፥8 እና 26፥22። በከንቱ የተደገመ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን እንበል? ለጓደኛ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ስለ እሱ እሱ በሌለበት ባናወራ ደስ ይለኛል። ቅር ያሰኘህ ነገር ካለ ለራሱ ንገረው፤ ከፈለግህ አብሬህ እሄዳለሁ።» በዕድሜ ለሚበልጡን ደግሞ አነጋገሩ ይለያል፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን ባልሰማው ይሻለኛል። ነገ ሳገኛት ዓይኗን ማየት ይከብደኛል።» እኔ ይህን ለአንዲት ትልቅ ሴት ስል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሳቸው ግን ትንሽ ዝም አሉና «እውነትሽን ነው ልጄ» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ገቡ። የሥራ አለቃ ከሆነ «ከእሷ ጋር ያልተነጋገርኩበት ስለሆነ አስተያየት መስጠት ይከብደኛል» ይበቃል።

ከሁሉም የሚሻለው ግን አንድ አጭር ጥያቄ ነው። «ለእሱ ነግረኸዋል?» ይህች ጥያቄ ወሬውን አዙራ ወደ ባለቤቱ ትልከዋለች። ማንንም አትሰድብም። ሰውዬው አልነገረው ከሆነ፣ ለምን እንዳልነገረው ራሱ ያስብበታል።

ስታስቆሙ ስብከት አታድርጉት። «ይህ ኃጢአት ነው!» ብሎ ደረት መንፋት ሰውን ከማሳፈር በቀር አያርምም። ደግሞም የመጣው ሰው ሐሜተኛ ላይሆን ይችላል፤ ቆስሎ ሊሆን ይችላል። የተጎዳ ሰው ማልቀሻ ትከሻ ይፈልጋል። ልዩነቱ እንዴት ይታወቃል? የቆሰለው ስለ ራሱ ሕመም ያወራል፤ የሚያማው ስለ ሌላው ነውር። የቆሰለውን እስከ መጨረሻው ስሙት። ከዚያ «አሁን ምን ልታደርግ አሰብክ?» በሉት። ያንኑ ታሪክ ለአምስተኛ ጊዜ ይዞ ከመጣ ግን፣ መድኃኒቱ ከእናንተ ጋር እንዳልሆነ በፍቅር ንገሩት።

በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ430 ያረፈው አውግስጢኖስ፣ በማዕዱ ላይ ያልተገኘን ሰው ሕይወት ማኘክ የሚወድ ይህ ማዕድ እንደማይገባው የሚገልጽ ግጥም አስጽፎ ነበር። አንድ ቀን አብረውት የነበሩ ወዳጆቹ ጳጳሳት ይህን ረስተው ማማት ጀመሩ። እሱም በኃይለ ቃል፣ ወይ ግጥሙ ይፋቅ ወይ እኔ ማዕዱን ትቼ ወደ ክፍሌ ልሂድ አላቸው። ጳጳሳትም ያማሉ። በጳጳሳት ፊትም «በቃ» ማለት ይቻላል።

የስልክ ግሩፕ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ የተጻፈ አይጠፋምና። የሚያስቅ ምልክት እንኳ አታስቀምጡ፤ መስማማት ነው። ለጻፈው ሰው ለብቻው በውስጥ መስመር ጻፉለት፦ «እባክህ አጥፋው፤ እሷ ብታየው ትጎዳለች።» በሁሉ ፊት ከገሠጻችሁት ግን ጠብ ትጨምራላችሁ። ስክሪንሾት አንስታችሁ «እዩ ምን እንደሚሉ» ብላችሁ ለሌላ ከላካችሁ ደግሞ እናንተም ገባችሁበት። ግሩፑ ሥራው ይሄው ብቻ ከሆነ ውጡ። ማብራሪያ አያስፈልግም።

3. «ለጸሎት ነው» የሚባለው

እኔን የጣለኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሳልፈራ እናገራለሁ። ጸሎት የጠየቃችሁን ሰው ያኔውኑ ጠይቁት፦ «ለሌሎች ላካፍል ወይስ በእኔ ይቅር?» በእናንተ ይቅር ካለ በእናንተ ይቀራል። ከትዳር ጓደኛም ጭምር።

ሌሎችን ማስጸለይ ካስፈለገ «አንዲት እህታችን ከባድ ጊዜ ላይ ናት፤ አስቧት» በቂ ነው። እግዚአብሔር ስሟን ያውቀዋል። «ስም አልጠራም እንጂ፣ ባለፈው ወር ቤት የቀየረችው…» ካላችሁ ግን ጠርታችኋል።

4. ቅሬታው የራሳችሁ ሲሆን

አብዛኛው ሐሜት መንገድ የሳተ ቅሬታ ነው። ሰው በድሎናል፤ ከበደለን ሰው በቀር ለሁሉም እንነግራለን። ጌታ በማቴዎስ 18፥15-17 ላይ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ አንተና እሱ ብቻችሁን። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምረህ። ከዚያ በኋላ ነው ለቤተ ክርስቲያን። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን።

ዘሌዋውያን 19ን እንደገና ክፈቱ። ቁጥር 16 ሐሜትን ከልክሎ ቁጥር 17 ባልንጀራህን ገሥጸው፣ በልብህም አትጥላው ይላል። ቁጥር 18 ላይ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው የታወቀው ትእዛዝ ይመጣል። ሦስቱ ተያይዘው ነው የተቀመጡት። ፊት ለፊት መናገር የፍቅር ጎረቤት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ነገሩን መዝኑት። ሊታለፍ የሚችል ነው? ኖኅ ሰክሮ ራቁቱን ሲተኛ ካም አይቶ ውጭ ላሉት ወንድሞቹ ተናገረ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው አድርገው ወደ ኋላቸው ሄዱ። ፊታቸውን አዙረው አባታቸውን አለበሱት፤ ራቁትነቱንም አላዩም (ዘፍጥረት 9፥22-23)። ወደ ኋላ መራመድ ያስቸግራል፤ ሊያደናቅፍም ይችላል። ግን ተራመዱ። ብዙ የሰው ድካም እንዲህ ተሸፍኖ ሊያልፍ ይገባዋል።

የማይታለፍ ከሆነ ሂዱ። ሳይቆይ፣ በቀናት ውስጥ፣ በአካል። የጽሑፍ መልእክት ድምፅና ፊት የለውም፤ ቀላሉን ነገር ያከብደዋል። አንድ ጉዳይ ብቻ ይዛችሁ ግቡ፤ የሦስት ዓመት ቂም አትዘርግፉ። አጀማመሩም እንዲህ ይሁን፦ «አንድ ነገር ከብዶኝ ነው የመጣሁት። ምናልባት በደንብ አልገባኝ ይሆናል፤ አንተው ንገረኝ።» ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። በክርክር ቀድሞ የተናገረ ሰው ሌላው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ጻድቅ ይመስላል (ምሳሌ 18፥17)። እኔ ተቆጥቼ ሄጄ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ የተመለስኩበት ቀን አለ።

ሰውዬው የሚማታ ወይም በእናንተ ላይ ሥልጣን ያለው ከሆነ ብቻችሁን አትሂዱ።

5. ራሳችሁ አምታችሁ ከሆነ

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ አይቻልም። ማረም ግን ይቻላል። መጀመሪያ በእግዚአብሔር ፊት፣ ወይም በንስሐ አባታችሁ ፊት፣ ነገሩን በስሙ ጥሩት። «ተጫወትን» አትበሉ። «አማሁ» በሉ።

ቀጥሎ ወደ ሰሚዎቹ ሂዱ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለማን ለማን እንደነገራችሁ ቁጭ ብላችሁ አስቡ። ለእያንዳንዱ «ባለፈው ስለ እሷ የነገርኩህን መናገር አልነበረብኝም። ተሳስቻለሁ። እባክህ አንተ ጋ ይቁም» በሉ። ውሸት ወይም ማጋነን ከነበረበት የቱ እንደሆነ ለይታችሁ ንገሩ።

ወደ ታማው ሰው መሄድስ? ወሬው ደርሶት ከሆነ በእርግጥ ሂዱ። ማቴዎስ 5፥23-24 መባውን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ይላል። ያልሰማ ከሆነ ግን አትቸኩሉ። አንዳንድ ኑዛዜ የእኛን ሸክም አራግፎ እሱ ላይ የሚጭን ነው። ከመንፈሳዊ አባት ወይም ከመጋቢ ጋር፣ ስሙን ሳትጠሩ፣ ተማከሩበት።

እኔ ወደዚያች እህት የሄድኩት በአራተኛው ቀን ነው። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ ግቢ አላለችኝም። ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ሐሳቤ ቅንነት። ፊቷን ሳይ ጠፋብኝ። «የነገርሽኝን አወጣሁት። ለሁለት ሰው ነገርኩ። ይቅር በይኝ» ብቻ አልኩ። የሁለቱን ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «እሺ» ብላ በሩን ዘጋችው። ይቅርታ ስትጠይቁ «ግን እኮ» የምትል ቃል አታስገቡ። መልሱንም አትጠብቁ።

6. ስትታሙ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለ ራሳችን የተወራውን የምንሰማው ሁሉም ከሰማ በኋላ ነው። ብዙውን ጊዜም አንድ «አሳቢ» ሰው ይዞልን ይመጣል። «እንዲህ አሉሽ እኮ!» ያን ጊዜ «ማን ነው ያለው?» ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት «አንቺስ ምን አልሻቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

ምንጩን ፍለጋ አትውጡ። መክብብ 7፥21-22 የሚባለውን ሁሉ ልብ አትበል፣ አንተም ብዙ ጊዜ ሌሎችን እንደ ረገምህ ልብህ ያውቃልና ይላል። ይህን ሳነብ ቁጣዬ ሁልጊዜ ግማሽ ይሆናል። በሙሉ አይጠፋም፤ ግማሽ ግን ይሆናል።

ከወሬው ውስጥ እውነት ያለበት ነገር ካለ እሱን ውሰዱና አስተካክሉ። ውሸት ከሆነ ነህምያን ተመልከቱ። የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላቶቹ ሊነግሥ ነው ብለው አስወሩበት፤ በተከፈተ ደብዳቤ ላኩበት፣ ማንም እንዲያነበው። ነህምያ አንድ ጊዜ መለሰ። እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ከልብህ ፈጥረኸዋል አለ። ከዚያ እጆቹን እንዲያበረታ ጸለየና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ (ነህምያ 6)። እናንተም ለሚመለከተው ሰው፣ በአጭሩ፣ አንድ ጊዜ መልሱ። ወሬውን ለማስተባበል ከቤት ቤት መዞር ወሬውን ላልሰማውም ያደርሰዋል።

ስም ማጥፋቱ ሥራችሁን ወይም ቤታችሁን የሚያፈርስ ከሆነ በሕግ መከላከል ክርስቲያንነትን አይነካም። ጳውሎስ ራሱ በሐሰት ሲከሰስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋርያት ሥራ 25፥11)።

ያማችሁንም ሰው በስሙ ጠርታችሁ ጸልዩለት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥርስ ተነክሶ የሚጸለይ ጸሎት ነው። ይሁን፤ ጸልዩ።

7. በየቀኑ

ጠዋት ከቤት ሳትወጡ መዝሙር 141፥3ን ጸልዩ፤ በአንዳንድ መጽሐፍ 140 ነው። ለአፌ ጠባቂ፣ ለከንፈሬም መዝጊያ አኑር የሚለውን። ሁለት እስትንፋስ አይፈጅም። ለአንድ ሳምንት ደግሞ በቦታው ስለሌለ ሰው ክፉ አለማውራትን ሞክሩ። በመጀመሪያው ቀን ስንት ጊዜ አፋችሁን እንደምትይዙ ታያላችሁ።

ለመፍረድ ስትቸኩሉ አባ ሙሴ ጸሊምን አስቡ። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ፣ በአስቄጥስ መነኮሳት መካከል፣ አንድ ወንድም በደለና ሊዳኙት ተሰበሰቡ። አባ ሙሴ የሚያፈስ እንስራ በውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ሲሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፤ እኔ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ልፈርድ መጣሁ» አለ። እነሱም ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

ያቺ እህት ከዓመት በላይ ሰላምታ ብቻ ነበር የምትሰጠኝ። ባለፈው ጊዜ ከጸሎት በኋላ እንደ ድሮው ጠብቃ ወደ ጥግ ወሰደችኝ፤ ስለ ሌላ ጉዳይ። «በአንቺ ይቅር» አለችኝ። እኔ ጋ ነው።